ወፍጮ ቤት፣ ዕድር እና ክላውድ፦ የድጎማ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ለምን ይንበረከካል?

እስቲ አንድ ሰው አስቡ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 2020 ነው። ሰውየው አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆቴል ፓርኪንግ ይሠራል። ሰኞ ዕለት ሥራ ነበረው፤ ዓርብ ላይ ሆቴሉ በኮሮና ምክንያት ተዘጋና ወደ ቤትህ ሂድ ተባለ። የቤት ኪራይ ደግሞ ወሩ ሲጠባ ይጠበቃል። ለእንዲህ ያለ ቀን መንግሥት የሥራ አጥ ድጎማ እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ድረ ገጹን ከፈተ። ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ቀጥ። ስልክ ደወለ፤ ተይዟል። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ተይዟል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሞከረ። ያው ነው።

ሰውየው የእኔ ፈጠራ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ፈጠራ አይደሉም። በዚያ ወር አጋማሽ ላይ በመላ አሜሪካ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ የድጎማ ማመልከቻ ያስገቡት ሰዎች 280 ሺህ ገደማ ነበሩ። በቀጣዩ ሳምንት 3.3 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ከ6 ሚሊዮን አለፉ። ከዚያ በፊት የነበረው የሳምንት ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1982 የተመዘገበው 695 ሺህ ነበር። ልብ በሉ፦ ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ መሥሪያ ቤቶቹም ያው መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ የተለወጠው የሰልፉ ርዝመት ብቻ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ፈጣን አይደለም እንዴ? ለምን ተንበረከከ? መልሱን ከሰልፍ ሳይንስ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1909 አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ ሆኖ አንድ ጥያቄ ያጠና ነበር። ሰዎች የሚደውሉት ቀጠሮ ይዘው ሳይሆን እንዳመጣላቸው ነው፤ ታዲያ ስንት መስመርና ስንት ሠራተኛ ቢኖር ይበቃል? ከእሱ ሥራ የተነሣው የሒሳብ ዘርፍ ዛሬ የሰልፍ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ዋናው ግኝት መጀመሪያ ስትሰሙት ያስገርማል።

አንድ መስኮት ላይ አንዲት ሠራተኛ ተቀምጣለች እንበል። አንድን ሰው ለማስተናገድ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጅባታል። ሰዎች እንደፈለጋቸው ይመጣሉ። ሠራተኛዋ ከጊዜዋ ግማሹን ብቻ በሥራ ከተያዘች፣ አንድ ባለጉዳይ ከገባበት እስከሚወጣበት በአማካይ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። 80 በመቶ ስትያዝ 50 ደቂቃ ይሆናል። 90 በመቶ ስትያዝ 100 ደቂቃ። 95 በመቶ ላይ 200 ደቂቃ! አያችሁ? ከ90 ወደ 95 ስንሄድ ሥራው የጨመረው በጥቂቱ ነው፤ ጥበቃው ግን እጥፍ ሆነ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ 10 ደቂቃውን ሠራተኛዋ ነፃ በምትሆንበት የጊዜ ድርሻ አካፍሉት። የነፃ ጊዜዋ ድርሻ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መልሱ ወደ ላይ ይተኮሳል። የሚመጣው ሰው ከምታስተናግደው ከበለጠ ደግሞ ሰልፉ ማብቂያ የለውም፤ በየሰዓቱ ይረዝማል።

ኮምፒውተርም እንደዚያች ሠራተኛ ነው። ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ኮምፒውተር) በአንድ ሰከንድ የሚያስተናግደው የተወሰነ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የሰው ጠባይ ይጨመራል። ገጹ እምቢ ሲለን ምን እናደርጋለን? ደጋግመን እንጫናለን። አንዱ አመልካች ሃያ ጊዜ ሲሞክር ለሰርቨሩ ሃያ አመልካች ሆኖ ይታየዋል። የስልኩም ነገር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቶቹን ያጥለቀለቃቸው ሥራ ያጣው ሰው ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የተስፋ መቁረጥ ሙከራዎቹም ተደርበውበት ነው።

እንግዲህ ቀላሉ መፍትሔ ብዙ ሰርቨር መግዛት ይመስላል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የድጎማ መሥሪያ ቤት ለክፉው ሳምንት የሚበቃ ማሽን ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ በደጉ ዓመት አብዛኛው ማሽን ሥራ ፈትቶ መብራት ይበላል። ለደጉ ዓመት የሚበቃውን ብቻ ቢገዛ ክፉው ሳምንት ሲመጣ ይወድቃል። በዚያ ላይ የመንግሥት ግዢ ጨረታ፣ ኮሚቴና ፊርማ አለው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ወረርሽኝ ደግሞ ጨረታ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ክላውድ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ስሙ ደመና ማለት ቢሆንም ነገሩ ሰማይ ላይ አይደለም። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ምዕራብ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሚያርፍበት ከዳላስ አየር ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ አሽበርን የምትባል ቦታ አለች። እዚያ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንጻዎች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው እጅግ ብዙ ሰርቨርና ማቀዝቀዣ ሞልቷል። አካባቢው በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት ከተከማቸባቸው ቦታዎች ዋናው ነው። ደመናው እንግዲህ ይኼው ነው፤ መሬት ላይ፣ ኮንክሪት ውስጥ።

አሠራሩን ለመረዳት ወፍጮ ቤትን አስቡ። ጤፍ ለማስፈጨት ማንም ቤቱ ውስጥ ወፍጮ አይተክልም። እህሉን ተሸክሞ ይሄዳል፣ በኪሎ ከፍሎ ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል። ለበዓል ሰሞን ብዙ ያስፈጫል፣ በሌላ ጊዜ ትንሽ። የወፍጮው ጥገና፣ የሞተሩ መቃጠል፣ የመብራቱ ነገር የባለቤቱ ራስ ምታት ነው። ኮምፒውተርን እንዲህ እንደ መብራትና እንደ ውኃ በልክ የመሸጥ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ጆን ማካርቲ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1961 ተናግሮታል። በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው ግን አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የመረጃ ማስቀመጫና የኮምፒውተር ጉልበት ማከራየት ሲጀምር ነው። ዛሬ ማይክሮሶፍትና ጉግልም በዚህ ገበያ ውስጥ ትልልቆች ናቸው።

ከጀርባው ያለው ብልሃት አንዱን ትልቅ ማሽን በሶፍትዌር መከፋፈል ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ የኪራይ ክፍሎችን ውሰዱ፤ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚሠራ አያይም፤ ግቢው ግን አንድ ነው። ክላውድ ላይ አዲስ «ክፍል» ለመክፈት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ መዝጋት ይቻላል። ገበያው ሲደራ ማሽኑ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። ያችን መስኮት ላይ ያለችውን ሠራተኛ አስታወሳችሁ? ሰልፉ ሲረዝም ወዲያው አሥር ጓደኞቿ መጥተው አሥር መስኮት ሲከፍቱ እንደማለት ነው።

ግን ጠያቂ አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ላይ መቆም አለበት። ሁሉም በአንድ ቀን ቢመጣስ?

ይህን ደግሞ ከወፍጮ ቤት ይልቅ ዕድር ያስረዳል። ዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው። መቶ ቤተሰብ ያሉበት ዕድር መቶ ድንኳን አይገዛም፤ አንድ ሁለት ይበቃዋል። ለምን? ሐዘን ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ስለማይገባ። ክላውድም የሚኖረው በዚሁ ስሌት ነው፤ የአንዱ ደንበኛ የሥራ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር አይገጥምም። ቸርቻሪው በገና ሰሞን፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ በግብር ሰሞን፣ የፊልም ድርጅቱ ደግሞ በምሽት ይሯሯጣሉ። በ2020 ግን ሐዘኑ ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ገባ። የአሜሪካ ግዛቶች በሙሉ በአንድ ሳምንት ድንኳን ፈለጉ። የሆነ ሆኖ በዚያው ሰሞን የጉዞ ትኬትና የሆቴል ድረ ገጾች ጭር ብለው ነበር። ዕድሩ ውስጥ ያሉት አባላት እንዲህ የተለያዩ መሆናቸው ነው ጥቅሙ። ሃምሳ የሥራ አጥ መሥሪያ ቤቶች ብቻቸውን ዕድር ቢመሠርቱ ኖሮ ድንኳኑ አይበቃቸውም ነበር። የክላውድ ኩባንያዎቹም ቢሆኑ አልተጨነቁም ማለት አይደለም፤ ሁሉም ሰው በቪዲዮ መሰብሰብ ስለጀመረ ማይክሮሶፍት በአንዳንድ አካባቢዎች ለአዳዲስ ደንበኞች የሚሰጠውን አቅም ለጊዜው መገደብ ግድ ሆኖበት ነበር።

በተግባር ምን ሆነ? ሮድ አይላንድ የምትባለው ትንሿ ግዛት ጥሩ ምሳሌ ናት። የድሮው የስልክ ሥርዓቷ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ከመቶ ያነሰ ጥሪ ነበር። የሥራ ሚኒስቴሯ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥሪዎቹን ወደ ክላውድ የስልክ ማዕከል አዛወረና እስከ 2,000 ጥሪ በአንድ ጊዜ መቀበል ቻለ። ኒው ጀርሲ ላይ ደግሞ ሌላ ትዕይንት ታየ፤ አገረ ገዢው ፊል መርፊ በኤፕሪል መጀመሪያ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ኮቦል የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች ያለህ አሉ። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 የተነደፈ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ምናልባት አያቶቻችሁ ልጅ ሳሉ ማለት ነው!

ሰዉም ወዲያው «አሃ፣ ጥፋተኛው አሮጌው ኮቦል ነው» አለ። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ የኮምፒውተር ታሪክ የሚያጠኑ አንዳንድ ምሁራንም ይህን ተቃውመዋል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ፍሎሪዳን ተመልከቱ። የእሷ ሥርዓት ኮኔክት ይባል ነበር፤ በ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አሮጌ የሚባል አልነበረም። ሆኖም በ2020 ወደቀ። ሂያሊያ በምትባለው ከተማ በኤፕሪል ወር ሰዎች በወረርሽኝ መሀል፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ የወረቀት ቅጽ ለመውሰድ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ተሰለፉ። በሽታውን ለመሸሽ ቤት ተቀመጡ የተባለ ሕዝብ ወረቀት ፍለጋ ተጋፋ። የኮምፒውተር ብልሽት ሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር እንዲህ ያለ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «የቱ ጋ ነው የሚጠበው?» ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ድረ ገጽ፣ ከጀርባ ሜይንፍሬም የሚባል ግዙፍ አሮጌ ማሽን አላቸው። ሜይንፍሬሙ አንዳንድ ሥራዎችን የሚሠራው ሌሊት ላይ፣ የቀኑን ጉዳይ ባንድ ላይ ሰብስቦ ነው። አሁን ድረ ገጹን ብቻ ወደ ክላውድ ብታዛውሩት ምን ይፈጠራል? በሩ ሰፋ፣ ጓዳው ግን ያው ጠባብ ነው። ሰልፉ ከደጃፍ ተነሥቶ ጓዳ ይገባል። አመልካቹ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል የሚያምር መልእክት ይደርሰዋል፤ ገንዘቡ ግን የውኃ ሽታ ይሆናል። ከጓዳው ጀርባ ደግሞ ማመልከቻውን አንብቦ የሚወስን ሰው አለ፤ ሰውን በደቂቃ ውስጥ ማባዛት አይቻልም።

«ታዲያ ጓዳውንም አፍርሶ በአንድ ጊዜ አዲስ መሥራት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጤና መድን መግዣ ድረ ገጹን ሄልዝኬር ዶት ገቭን በአንድ ቀን ለሕዝብ ሲከፍት፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስድስት! ሚሊዮኖች በር ላይ ቆመው ነበር። ስለዚህ ብዙ መሐንዲሶች ሌላ መንገድ ይመርጣሉ፤ ስሙም ከዛፍ የመጣ ነው። ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆኑ አንዳንድ ዛፎች ዘራቸው በወፍ ተወስዶ ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል። ሥራቸውን ቀስ እያሉ ወደ መሬት ይሰድዱና አሮጌውን ዛፍ ያቅፉታል፤ ከዓመታት በኋላ አሮጌው ሲሞት አዲሱ በራሱ እግር ቆሟል። ማርቲን ፋውለር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዛፎችን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሐሳቡን ለሶፍትዌር ተጠቀመበት፦ አሮጌው ሥርዓት እየሠራ፣ አንድ አንድ ተግባሩን ወደ አዲሱ ማሻገር፤ ዛሬ የአድራሻ ለውጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሰነድ መቀበያ፣ እንዲያ እያሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን በመሀሉ የማንም እንጀራ አይቋረጥም።

ስለ ምስጢር ደግሞ እናውራ። ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ያላቸው መረጃ የጫማ ቁጥር አይደለም። የትኛው ልጅ ቤት ውስጥ ይደበደባል፣ የትኛዋ እናት ከባሏ ሸሽታ የት ተጠልላለች፣ ማን ምን በሽታ አለበት የሚል ነው። ይህ ከእጅ ቢወጣ ሰው ሊሞት ይችላል። ታዲያ እንዲህ ያለ መረጃ በሌላ ኩባንያ ሕንጻ ውስጥ ይቀመጣል ወይ? ለዚህ ሲባል የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ2011 ጀምሮ የክላውድ አቅራቢዎችን ደኅንነት የሚመዝን ፌድራምፕ የሚባል ፕሮግራም አለው። የክላውድ ኩባንያዎቹ ጥበቃ ብዙውን ጊዜ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ካለ ሰርቨር ጥበቃ ይሻላል። አደጋው ግን በአብዛኛው ሌላ ቦታ ነው። የኪራይ ግቢውን አስታውሱ፦ ባለቤቱ አጥሩን ያጠብቃል፣ ዘበኛ ይቀጥራል፤ የክፍላችሁን በር መቆለፍ ግን የእናንተ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ የ100 ሚሊዮን ገደማ አሜሪካውያንና የ6 ሚሊዮን ካናዳውያን መረጃ የተወሰደበት የአማዞን አጥር ፈርሶ ሳይሆን፣ በባንኩ በኩል አንድ መከላከያ በትክክል ስላልተዋቀረ ነው። በር ሳይቆለፍ አድሮ እንደማለት።

ሌላም አለ። ሁሉም በአንድ ወፍጮ ቤት ካስፈጨ፣ ወፍጮው የተበላሸ ቀን መንደሩ በሙሉ ጦሙን ያድራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 ያ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ክልል አንድ የአድራሻ አመዘጋገብ ስህተት አጋጥሞት፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ለሰዓታት ተቋረጡ። ክፍያውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ በልክ የሚከፈል ነገር ሲረሳ ይቆጥራል። ለሙከራ ተከፍቶ ያልተዘጋ ማሽን፣ መብራቱ በርቶ እንዳደረ ቤት፣ በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነት ራሱ ነው። ሚሺጋን ሚዳስ የሚባል ሥርዓት ነበራት፤ ከ2013 እስከ 2015 ድጎማ ተቀባዮችን እየመረመረ፣ ሰው ሳያየው፣ በራሱ «አጭበርብረሃል» እያለ ይወስን ነበር። በኋላ ግዛቲቱ ማሽኑ ብቻውን ከወሰነባቸው መካከል 22,427 ጉዳዮችን ስትመረምር 93 በመቶዎቹ ማጭበርበር እንዳልነበረባቸው ታወቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰዎች ደመወዛቸው ተቆርጧል፣ የግብር ተመላሻቸው ተወስዷል። የተሳሳተ ደንብ ፈጣን ማሽን ላይ ሲጫን ስህተቱም ፈጣን ይሆናል።

አንዳንዴ ደግሞ መፍትሔው ከማሽን ጉልበት ጋር ምንም አይገናኝም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የምግብ ድጎማ ለማመልከት ሃምሳ የሚደርሱ ገጾች ማለፍ የሚጠይቅ፣ በስልክ በደንብ የማይሠራ ድረ ገጽ ነበር። ኮድ ፎር አሜሪካ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ጌት ካልፍሬሽ የተባለ፣ በስልክ 10 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ማመልከቻ ሠራ። ብልሃቱ ያለው የማያስፈልገውን ጥያቄ ማውጣቱ ላይ ነበር። ከሰልፍ ቀመሩ ጋር አያይዙት፦ መስኮት ከመጨመር ሌላ፣ አንዱን ሰው ለማስተናገድ የሚፈጀውን 10 ደቂቃ ራሱን ማሳጠርም ይቻላል። ቋንቋም ጊዜ ይበላል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ያልገባንን ቅጽ ሦስት ጊዜ ከመሙላት በገባን ቋንቋ አንዴ መሙላት ለሁሉም ይቀላል።

በመጨረሻ እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር ላንሣ። መረጃ ከአሮጌ ሥርዓት ወደ ክላውድ ሲዛወር፣ አንድ ሰው ሁለት ቦታ የተመዘገበ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ስምና የልደት ቀን እያነጻጸረ ያዋሕዳል። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች «አንድ ቤተሰብ አንድ የመጨረሻ ስም አለው» ብለው ገምተው ሊሆን ይችላል። የእኛ ቤት ግን እንዲያ አይደለም፤ የአባት «የመጨረሻ ስም» አያት ነው፣ የልጅ ደግሞ አባት፣ የእናትም ሌላ። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጋ በቲ ይጀምራል፣ ሌላው ጋ በኤስ። የልደት ቀኑም ቢሆን፣ ቀናቸው በትክክል ያልተመዘገበ ብዙ ስደተኞች ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። እናም ማሽኑ አንዷን ፀሐይ ሁለት ሰው፣ ሁለት ፀሐዮችን ደግሞ አንድ ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። የዚህ ጊዜ ክላውዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይረዳም፤ አንድ የጉዳይ ሠራተኛ ስልክ አንሥቶ እናትየውን «የልጁ አባት ስም ማን ነው? የእርስዎስ አባት?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።